የኤችዲ ሰርግ ወደ ዲቪዲ ሲወርድ እስክስታው ለምን ይሰነጠቃል?

ይህን የውይይት መድረክ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና በሥሩ የተደረደሩ 39 መልሶችን፣ የከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ነው። እንደ ብዙ ጠያቂዎች አልሠራልኝም ብቻ ብሎ አልመጣም፤ ዝርዝሩን ይዞ ነው የመጣው። ቀረጻው ኤቪሲኤችዲ የሚባለው የኤችዲ ካሜራዎች ፎርማት ነው፤ 1920 በ1080፣ ኢንተርሌስድ (እያንዳንዱ ፍሬም በሁለት ግማሽ ምስል፣ በሁለት ፊልድ፣ የተቀረጸ)፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 50 ፊልድ። ሰርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ ተቆራርጠው ካለቁ በኋላ 160 ደቂቃ ሆነዋል። ደንበኛው የሚፈልገው ቤቱ ባለው ተራ ማጫወቻ የሚታይ አንድ ዲቪዲ ነው። ችግሩ ግን ሦስት ነው። እስክስታ ሲወርዱ ትከሻቸው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቁ መስመሮች ይወጣሉ። ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር የሐበሻ ቀሚሱ ጥለት ይርገበገባል። ጠቅላላው ምስል ደግሞ ድሮ በሚኒዲቪ ካሴት ተቀርጾ ከተሠራ ዲቪዲ እንኳ ይደበዝዛል። ጠያቂው ፍርዱንም ጨምሮበታል፦ ዲቪዲ ኤችዲን አይችልም። የቀረው የትኛውን መቀየሪያ ፕሮግራም ልግዛ የሚለው ብቻ ነው።

1ኛው መልስ ምክር አልያዘም። ከሰላምታ በኋላ ፕሮጀክቱ በየትኛው ፕሪሴት (አስቀድሞ በተዘጋጀ ቅንብር) እንደተከፈተ፣ ኤክስፖርት ሲደረግ ከሁለቱ ፊልዶች የትኛው እንዲቀድም እንደታዘዘና የተሰነጣጠቀው መስመር የታየው በኮምፒውተር ይሁን በቴሌቪዥን እንዲነግሩት በአክብሮት ጠየቀ። በኋላ ሲታይ ነገሩ ሁሉ ያለው እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ውስጥ ነበር፤ ግን መልስ ሳይጠብቁ ሌሎች ገቡበት።

2ኛው ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚያልፈውን የዳታ መጠን) ዲቪዲ እስከሚፈቅደው ጣሪያ፣ በሰከንድ 9.8 ሜጋቢት ድረስ መስቀል ይበቃል አለ። 3ኛው ሒሳቡን አስቀመጠለት። ባለ አንድ ሌየር (ባለ አንድ የመረጃ ንጣፍ) ዲስክ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል፤ ኮምፒውተር 4.38 ጊጋባይት ብሎ የሚያሳየው ያንኑ ነው። ይህ በሜጋቢት ተቆጥሮ ለ60 ሰከንድ ሲካፈል 626 ገደማ ነው፤ ለሜኑና ለፋይሎቹ አወቃቀር ትንሽ ቦታ ትተን 600ን ለደቂቃው ብዛት ብናካፍል ድምፅን ጨምሮ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደተፈቀደልን እናገኛለን። 600 ለ160 ሲካፈል 3.75 ነው፤ ለድምፅ 192 ኪሎቢት ሲነሳለት ለምስሉ 3.5 ገደማ ይቀራል። በ9.8 የሚሄድ ቪዲዮ ግን ከ60 ደቂቃ በላይ ዲስኩ ላይ አይገባም። በዚያ ላይ ምስልና ድምፅ ተደምረው ከ10.08 ማለፍ አይችሉም፤ ቤት ውስጥ የተጻፈ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ርካሽ ማጫወቻዎች ከ8 በላይ ሲሆንባቸው እየቆሙ ይሄዳሉ። ስለዚህ 3ኛው ሥራውን ለሁለት ዲስክ እንዲከፍሉት መከረ፤ ሰርጉ በአንዱ፣ መልሱና ቅልቅሉ በሌላው። ለእያንዳንዱ 80 ደቂቃ ሲሆን 600 ለ80፣ 7.5 ይደርሳል። ይህ ለጭፈራም ይበቃል።

4ኛው ባለ ሁለት ሌየር ዲስክ፣ 8.5 ቢሊዮን ባይት የሚይዘውን፣ ጠቆመ። 5ኛው ዋጋውን አንስቶ አጣጣለው፤ ከአንዱ ሌየር ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚደነቅፋቸው፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማያነቡት አሮጌ ማጫወቻዎች እንዳሉም አስታወሰ። ደንበኛው ቤት ያለው ማጫወቻ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ባለ አንድ ሌየር ላይ ቢቆይ ይሻለዋል።

የክሩ አጥንት 6ኛው መልስ ነው። መጀመሪያ 2ኛውንም 3ኛውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አቆማቸው፦ የቢትሬት ማነስ አራት ማዕዘን ብሎክ ያመጣል እንጂ ማበጠሪያ አያመጣም። ከዚያ ወደ ምክንያቱ ገባ። በ1080 ኢንተርሌስድ አንድ ፍሬም ውስጥ ሁለት ፊልድ አለ፤ እያንዳንዳቸው 540 መስመር አላቸው። አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ይይዛል፣ ሌላው ሙሉዎቹን፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ የሰከንድ 50ኛ አለፈ። ትከሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ፕሮግራሙ ይህን ሳያይ 1080ውን መስመር እንደ አንድ ፎቶ ቆጥሮ ወደ 576 ሲያሳንሰው፣ እያንዳንዱ አዲስ መስመር ከሁለት የሚጠጉ አሮጌ መስመሮች ይደባለቃል። እነዚያ ሁለት መስመሮች ግን የተለያየ ቅጽበት ናቸው። ከዚህ በኋላ ፊልዶቹ የሉም፤ ያለው ቅይጣቸው ነው። ዲቪዲው ላይ ግን ኢንተርሌስድ ነው ተብሎ ይጻፍበታል፤ ቴሌቪዥኑም ያንን አምኖ የሌሉትን ፊልዶች ሊለያይ ይሞክራል። ስንጥቁም፣ ጥላውም፣ ድብዝዝታውም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የተደባለቀውን መልሶ የሚለይ ፕሮግራም ደግሞ የለም። ሥራው ከዋናው ፋይል እንደገና መጀመር አለበት።

መፍትሔውን በቅደም ተከተል አስቀመጠው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ፊልድ ራሱን የቻለ ሙሉ ፍሬም ሆኖ ይወጣል፤ 50 ፊልድ 50 ፍሬም ይሆናል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ፍሬም ወደ 720 በ576 ይቀነሳል። በመጨረሻ ከአንዱ ፍሬም የላይኛው ፊልድ፣ ከሚቀጥለው የታችኛው እየተወሰደ በሰከንድ 25 ኢንተርሌስድ ፍሬም ይገጣጠማል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ ለምሳሌ ማሳነሱ ከቀደመ፣ ሥራው ከንቱ ነው።

6ኛው ሚኒዲቪው ለምን እንደበለጠም በዚያው መለሰ። የፓል (በሰከንድ 25 ፍሬም የሚሄደው የቴሌቪዥን ደንብ) ዲቪ ካሴት ሲቀረጽ ጀምሮ 720 በ576 ነው። ዲቪዲ ለማድረግ ማሳነስ ስለማያስፈልገው ፊልዶቹ ሳይነኩ ያልፋሉ። የዲቪዲን አቅም ለመውቀስ የቀረበው ማስረጃ ራሱ ጥፋቱ ማሳነሱ ላይ እንደሆነ ይመሰክራል ማለት ነው።

7ኛው ጠያቂው ራሱ ነው፤ የ1ኛውን ጥያቄዎች መለሰ። ፕሪሴቱ የሚኒዲቪ ዘመኑ፣ የፓል ዲቪ ፕሪሴት ነው፤ ኤችዲ ፋይሎቹን እዚያ ታይምላይን (ቅንጭቦቹ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ጎትቶ መጠናቸውን አስተካክሏል። ስንጥቁን ያየው በኮምፒውተርም በቴሌቪዥንም ነው።

8ኛው ይህን ሲያነብ ትዕግሥቱ አለቀ። ዲቪ የታችኛው ፊልድ ቀዳሚ ነው፤ ኤቪሲኤችዲም፣ በካሴት የሚቀረጸው ኤችዲቪም የላይኛው። የላይኛው የሚቀድመውን ቀረጻ የታችኛው በሚቀድምበት ታይምላይን ላይ ማስቀመጥ፣ ፕሮግራሙ ካላረመው፣ ጊዜን ማገላበጥ ነው፤ እንቅስቃሴው አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ እያለ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጥፋት ተደራርቧል ማለት ነው፤ የተደባለቀ ፊልድና የተገለበጠ ቅደም ተከተል። እስከዚህ ልክ ነበር። ፕሪሴት ሳያዩ ከሰው ገንዘብ መቀበል ነውር ነው ብሎ የጨመረው ግን አላስፈላጊ ነበር።

9ኛው በመሐል ገብቶ ስለ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ለየ። ኢንተርሌስድ ቪዲዮ ዲኢንተርሌስ (ፊልዶቹን ወደ ሙሉ ፍሬም መለወጥ) በማያደርግ ማጫወቻ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ጤነኛ ቢሆንም ማበጠሪያ ያሳያል። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ ዲኢንተርሌስ የሚለው ተዘግቶ የታየ ስንጥቅ ስለዚህ ማስረጃ አይሆንም። የሚታመነው ፈተና ሁለት ደቂቃ ጭፈራ መርጦ፣ ተሰርዞ እንደገና በሚጻፍ ዲቪዲ-አርደብልዩ ጽፎ፣ እውነተኛ ማጫወቻና ቴሌቪዥን ላይ ማየት ነው። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ከሆነ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ምስሉ ይርገፈገፋል፤ ለማወቅ አሥር ሰከንድ ይበቃል።

ከ10ኛው ጀምሮ ድምፁ ከረረ። 10ኛው ይህ ሁሉ ድካም የድሮ ነው፤ አሁን ሁሉም ቤት ፍላት ስክሪን ስላለ ቀረጻውን ዲኢንተርሌስ አድርጎ በሰከንድ 25 ፕሮግረሲቭ (ወደ ፊልድ ያልተከፈለ፣ ሙሉ) ፍሬም ማውጣት ይበቃል አለ። 11ኛው ወዲያው ተነሳበት። ካሜራው በሰከንድ 50 ቅጽበት ይዟል፤ ግማሹን መጣል ትከሻው እየዘለለ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ፍላት ስክሪን ዲኢንተርሌስ የሚያደርገውም 50ዎቹን ለማሳየት ነው። 12ኛው፣ ያው 10ኛው ነው፣ ደንበኛ ልዩነቱን አያይም ብሎ መለሰ። በ13ኛው ላይ አንቱታው ወደ አንተ ወርዶ ነበር፤ 11ኛው በ25 ፍሬም የሚታይ እስክስታን አይቶ ልዩነት የለውም የሚል ሰው ካሜራውን ቢሸጥ ይሻለዋል ብሎ ደመደመ።

ሁለቱንም ያስታረቀው 14ኛው ነው፤ ያስታረቀው ደግሞ በማባበል ሳይሆን በቁጥር ነው። ቢትሬቱ በቂ ሲሆን፣ ከ6 በላይ፣ 11ኛው ትክክል ነው፤ ኢንተርሌስድ ይሁን። ደንበኛው 160 ደቂቃው በአንድ ዲስክ ካልሆነ ብሎ ከጸና ግን ኤምፔግ-2 (የዲቪዲ ቪዲዮ መጭመቂያ) በ3.5 ሜጋቢት ኢንተርሌስድ ጭፈራ ሲሰጠው ይፈረካከሳል፤ ፕሮግረሲቩ በዚያው ቢትሬት ይሻላል፤ ስለዚህ የ10ኛው ሐሳብ እዚህ ቦታ አለው። የቤተ ክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓትና የሽማግሌዎች ንግግር በ25 ፍሬም ብዙ አይጎዱም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ካሜራው ከፈቀደ ከመነሻው በ1080 ፕሮግረሲቭ 50 መቅረጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኤቪሲኤችዲ ሁለተኛ ደንብ በሰከንድ እስከ 28 ሜጋቢት ይህን ይችላል። ያኔ ፊልድ መለየት የሚባል ሥራ የለም፤ ማሳነስና መግጠም ብቻ ነው። በዚህ ክር ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት መልስ ይህ ነው።

15ኛው የትኛውም ፕሮግራም ሳይገዛ ሥራው ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እንዴት እንደሚያልቅ ጻፈ። ፊልድ ለመለየት ቢደብልዩዲፍ የተባለው ማጣሪያ በእያንዳንዱ ፊልድ አንድ ፍሬም እንዲያወጣ ተደርጎ፤ ለማሳነስ ስኬል፣ ዘዴው ላንቾስ ሆኖ፤ ለመግጠም ኢንተርሌስ፣ የላይኛው ቀዳሚ ሆኖ። ሦስቱ በዚሁ ተራ ይቀመጣሉ። የፓል ዲቪዲ ዒላማ የሚለው አማራጭ መጠኑን፣ የ48 ኪሎኸርዝ ድምፁንና የቋት ልኩን በራሱ ያስተካክላል፤ ከእሱ በኋላ ቢትሬቱ በእጅ ይጻፋል፣ ከፍተኛው ደግሞ 8 ላይ ይታሰራል። ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ክፍል) ቪዲዮው ኢንተርሌስድ እንደሆነ የሚነገርበት ምልክት ከተረሳ ጨርቁና ፀጉሩ ላይ ያለው ቀለም ይፈሳል። አማካዩ ከ6 በታች ሲሆን በሁለት ዙር ኢንኮድ ማድረግ ይጠቅማል፤ በ7.5 ግን ሁለተኛው ዙር ጊዜ ከመብላት አያልፍም።

16ኛው ከቢደብልዩዲፍ ይልቅ አቪሲንት በሚባል ሌላ የቪዲዮ ፕሮግራም ላይ የሚሠራውን ኪውቲጂኤምሲ አሞገሰ። ጥራቱ እውነት ይበልጣል፤ ፍጥነቱ ግን ከቀረጻው ርዝመት ብዙ እጥፍ ይወስዳል። 17ኛው መብራት በሚሄድበት ቦታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስታወሰው፤ በሌሊት ተጀምሮ በዘጠነኛው ሰዓት የተቋረጠ ኢንኮድ ከዜሮ ይጀምራል። የሰጠው መላ ቀላል ነው፦ ሥራውን ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አዳራሽ፣ ኬክ፣ ጭፈራ እያሉ በየምዕራፉ ቆርጦ ለየብቻ፣ በአንድ ዓይነት ልክ ኢንኮድ ማድረግ። የዲቪዲ ማዋቀሪያው ፕሮግራም ዲቪዲ ስታይለር ላይ ሲገቡ ምዕራፍ ሆነው ይቀመጣሉ፤ መብራት ከሄደም የሚጠፋው አንዱ ምዕራፍ ብቻ ነው።

ጥለቱ እስከዚህ ተረስቶ ነበር። 18ኛው ምስሉን ሻርፕ ማድረግ ይረዳል ሲል 19ኛው ተቃራኒው ነው ብሎ አረመው። በጥለቱ ውስጥ ያለ ቀጭን አግድም መስመር ውፍረቱ አንድ መስመር ሲያክል በአንዱ ፊልድ ብቻ ይገኛል፤ ስለዚህ በሰከንድ 25 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ሻርፕ ማድረግ ያብስበታል። ፊልዶቹ ከመገጠማቸው በፊት ምስሉን ከላይ ወደ ታች በጥቂቱ ማለስለስ ግዴታ ነው። የኤፍኤፍኤምፔጉ ኢንተርሌስ ማጣሪያ ይህን ሳይነገረው ይሠራል፤ ለጥራት ብሎ የሚያጠፋው ሰው ጥለቱን ራሱ ያርገበግበዋል። በቀጭኑ ጥልፍ ላይ ትንሽ ርግብግቢት ግን ሁሌም ይቀራል፤ 576 መስመር ከዚህ በላይ አይሸከምም።

20ኛው ስለ ነጠላና ስለ ነጭ ቀሚስ ጨመረ። ብርሃን ከ0 እስከ 255 ሲለካ ነጭ የሚያበቃው 235 ላይ ነው፤ ብዙ ካሜራዎች ግን ነጩን ከዚያ አሳልፈው እስከ 255 ይጽፋሉ፤ የሸማው ሽመና ያለው እዚያ ነው። ዲቪዲው ላይ 235 ሲደርስ ከተቆረጠ ሙሽራዋ ወረቀት ትለብሳለች። ኤክስፖርት ከመደረጉ በፊት የደማቁን ክፍል ብርሃን ወደ ታች መሳብ እንጂ የጠቅላላውን ንፅፅር መጨመር አይደለም የሚበጀው። ቀጥሎ ቀለሙን አነሳ። ኤችዲ በቢቲ 709፣ ዲቪዲ በቢቲ 601 በሚባሉ የቀለም ደንቦች ይሰላል፤ ሒሳቡ ሳይለወጥ ከተላለፈ ቀዩ ጥቂት ይጨልማል፣ አረንጓዴው ከልክ በላይ ይፈካል። የሚያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ካዩት ግን ማስተካከያው በስኬል ላይ መግቢያና መውጫውን መንገር ብቻ ስለሆነ አለማድረግ ስንፍና ነው።

21ኛው አዳራሹ ጨለማ ከሆነና ካሜራው ጌይን (የብርሃን ማጉያውን) ከጨመረ ምስሉ ላይ የሚወጣው ብናኝ ቢትሬቱን እንደሚበላ፣ ከማሳነስ በፊት ለስላሳ የብናኝ ማጣሪያ ማስገባት ከአንድ ተጨማሪ ሜጋቢት በላይ እንደሚጠቅም ጻፈ። 22ኛው ድምፁን በሦስት መስመር ጨረሰ፦ ኤሲ-3፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 192 ኪሎቢት። ከኤምፒ3 የተወሰደ ዘፈን ብዙ ጊዜ 44.1 ስለሆነ ታይምላይን ላይ ሳለ ወደ 48 ይቀየር፤ ኤምፒ2 ድምፅ ደግሞ ፓል ማጫወቻ ላይ ቢሠራም በኤንቲኤስሲ (በአሜሪካው የቴሌቪዥን ደንብ) ዲስክ ላይ ዋስትና የለውም። 23ኛው ፊቶች ቀጥነው ከረዘሙ የ16 በ9 ምልክቱ እንደተረሳ፣ ምልክቱ በኢንኮዱም በኦተሪንጉም (ዲቪዲው ሲዋቀር) መጻፍ እንዳለበት፣ ማጫወቻው ራሱ ቲቪ ታይፕ በሚለው ቦታ 4 በ3 ላይ ተቀምጦ ሊሆን እንደሚችል አሳሰበ።

24ኛው ከዋሽንግተን አካባቢ የጻፈ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚላክ የሰርግ ዲቪዲ እዚያ ማጫወቻ ላይ አልከፈት ይላል፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ይሠራል። 25ኛው ሪጅን ኮድ (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚከፈት የሚወስን ቁጥር) ነው፤ ኢትዮጵያ 5፣ አሜሪካ 1 ናት አለ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ምክንያቱ ግን ስህተት ነው። 26ኛው እንዳብራራው ቤት ውስጥ የተጻፈ ዲስክ ሪጅን አይታሰርበትም፤ እንቅፋቱ ፓል መሆኑ ነው። አሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች የሚያውቁት ኤንቲኤስሲን፣ 720 በ480ን፣ በሰከንድ 29.97 ፍሬምን ነው። እስራኤልና አውሮፓ፣ ባሕረ ሰላጤውም፣ በ50 ኸርዝ ወገን ስለሆኑ የአዲስ አበባው ዲስክ እዚያ ይሄዳል። ለአሜሪካ ዘመድ የሚላክ ግን ሌላ ዲስክ ነው፤ ፊልዶቹ ተለይተው 50 ፍሬም ከሆኑ በኋላ ወደ 59.94 ይቀየራሉ፣ ወደ 480 ይቀነሳሉ፣ ይገጠማሉ። መቀየሪያው ሁለት መንገድ አለው። ፍሬም ማደባለቅ እስክስታውን ያደበዝዘዋል፤ እንቅስቃሴን ገምቶ አዲስ ፍሬም መሥራት ጥርት ያደርጋል፣ በፈጣን እጅ ዙሪያ ግን ጭጋግ ይተዋል። እኔ ብሆን ለጭፈራው ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቀረጻውን 4 በመቶ አዘግይቶ በፊልም ፍጥነት ማስኬድ የሚሉም አሉ፤ ዘፈኑ ስለሚወፍር ለሰርግ አይሆንም።

27ኛው ጉዳዩን ገለበጠው፤ ከአሜሪካ የተገዛ ካሜራ በ60 ፊልድ ይቀርጻል፣ ምን ይደረግ ነው ጥያቄው። 28ኛው ወደ ፓል አትቀይሩት አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሸጡት ማጫወቻዎች በአብዛኛው ሁለቱንም ስለሚያነቡ ዲስኩ ኤንቲኤስሲ ሆኖ ይሠራ። ይልቅ ጣጣው መብራቱ ነው። የ50 ኸርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል፤ በሰከንድ 60ኛ ሸተር (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን በሚቀበልበት ጊዜ) የተቀረጸ አዳራሽ በፍሎረሰንት ስር ይብለጨለጫል። ሸተሩን በእጅ በሰከንድ 100ኛ ላይ ማሰር ያስቆመዋል፤ ከቀረጻ በኋላ ግን ማስተካከል በጣም ከባድ ነው። 50ና 60 የሚቀርጹ ሁለት ካሜራዎችን በአንድ ሰርግ ያሰለፈ ሰው ምን ይደርስበታል ለሚለው መልሱ ባጭሩ መከራ ነው።

ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ መልሶች ነገሩ ወደ ባዶ ዲስክ ዋጋና ጥራት ተንሸራተተ፤ የትኛው ሱቅ ምን ይሸጣል የሚለው ለሌላ ሰው አይጠቅምምና አልፈዋለሁ። ከዚያ የሚጠቅመው 33ኛው ነው። 16 ኤክስ የሚል ፍጥነት የተጻፈበትን ዲስክ በ8 ኤክስ መጻፍ፤ ለአሮጌ ማጫወቻ ዲቪዲ-አር መምረጥ፤ ዲቪዲ ፕላስ አር ከሆነና መጻፊያው ከፈቀደ ቡክ ታይፑን (ዲስኩ ለማጫወቻው ዓይነቱን የሚናገርበትን ምልክት) ዲቪዲ-ሮም ማድረግ፤ ተለጣፊ የወረቀት ሌብል ዲስኩን ሚዛን ስለሚያሳጣው በማርከር መጻፍ። ነፃው የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም ኢምግበርን ቪዲዮ ቲኤስ የሚባለውን ፎልደር ሲሰጡት የፋይሎቹን ተራ በራሱ ያስተካክላል፤ ጽፎ ሲጨርስ ቬሪፋይ ማስደረጉን መዝለል አይገባም።

34ኛው አንድ ጥያቄ አመጣ፤ የኤምቲኤስ ፋይሎቹን (ካሜራው የጻፋቸውን የኤቪሲኤችዲ ፋይሎች) እንዳሉ ዲስክ ላይ መጻፍ ለምን አይሆንም? 35ኛው ሳቀበት፣ 36ኛው ግን መለሰለት። ዲቪዲ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ኤቪሲኤችዲ የሚጠቀምበት የቪዲዮ መጭመቂያ፣ ኤች.264፣ የጸደቀው በ2003፣ ኤቪሲኤችዲን ሶኒና ፓናሶኒክ ያስተዋወቁት በ2006። ተራው ማጫወቻ ኤምፔግ-2ን ብቻ እንዲፈታ ነው የተሠራው። በዲቪዲ ዲስክ ላይ የተጻፈ ኤቪሲኤችዲ በብዙ ብሉሬይ ማጫወቻዎች ላይ ይታያል፤ ተራ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ግን ዲስኩ አልወጣ ሊል እንደሚችል የካሜራዎቹ መመሪያዎች ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። ሃንድብሬክ የሚባለው ቪዲዮ መቀየሪያም እዚህ አይረዳም፤ የሚያወጣው እንደ ኤምፒ4ና ኤምኬቪ ያሉ ፋይሎችን እንጂ ዲቪዲ አይደለም።

37ኛው ከሁሉ በፊት መነገር የነበረበትን በመጨረሻ ተናገረ። ረጅም ንግግር ሲቀረጽ ካሜራው ፋይሉን እየቆራረጠ ያስቀምጣል፤ ሜሞሪው ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይችልምና። ቁርጥራጮቹ አንድ በአንድ ታይምላይን ላይ ሲደረደሩ በመጋጠሚያው ድምፁ ለቅጽበት ይጠፋል። ስለዚህ ከሜሞሪው የሚገለበጠው ኤምቲኤሱ ብቻ ሳይሆን ፕራይቬት የሚለው ሙሉ ፎልደር ነው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጥል የሚናገሩት ትናንሾቹ ፋይሎች እዚያ ውስጥ ናቸው። ያ ከጠፋ በዊንዶውስ ትእዛዝ መስጫ ላይ ኮፒን በባይነሪ ምልክት ተጠቅሞ ቁርጥራጮቹን በቁጥራቸው ተራ ማጣበቅ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ዋናው ፋይል ዲቪዲው ከተሰጠ በኋላም አይሰረዝ፤ በ24 ሜጋቢት የተቀረጸ አንድ ሰዓት 10.8 ጊጋባይት ነው፤ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ አይከብድም።

በ38ኛው ላይ ጠያቂው ተመለሰ። አዲስ 1080 ፕሮጀክት ከፍቶ፣ በ15ኛው መንገድ ለሁለት ዲስክ ሠርቶታል፤ ማበጠሪያው የለም፣ ጥለቱ ጥቂት ይርገበገባል። ለ8ኛው ምንም አላለም። አሁን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ማጫወቻው ከፊት ለፊት የፍላሽ ቀዳዳ አለው፣ ለምን በፍላሽ አልሰጥም?

39ኛው የመጨረሻው ነው። ያ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ኤክስቪድ ወይም ዲቪኤክስ በሚባሉ የቪዲዮ መጭመቂያዎች የተሠራ ኤቪአይ ነው፤ ከ720 በ576 የማይበልጥ፣ ድምፁ ኤምፒ3 ወይም ኤሲ-3፣ ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ፣ እያንዳንዱ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በታች። ኤች.264 ሲሰጡት ስሙን ያሳያል እንጂ አይከፍተውም። ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ከሆነ ግን ማሳነስ አያስፈልግም፤ ፊልዶቹን ለይቶ በ1080 ፕሮግረሲቭ 50 ኤምፒ4 ማድረግ ነው። ያ ሌቭል 4.2 (የኤች.264 የአቅም ደረጃ) ስለሚጠይቅ አንዳንድ ቴሌቪዥን እምቢ ይላል፤ እምቢ ካለ በ1280 በ720፣ 50 ፍሬም፣ ሌቭል 3.2 ይውጣ።